የማንከፍተው አንጀት

«ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ» ይባላል። ተረቱ የሚነገረው ሳያስተውል የገዛ ጥፋቱን ፈልጎ ለሚያወጣ ሰው ነው። በሥነ ሕይወት ዓይን ሲታይ ግን ስለ ዶሮዋ የተባለው ነገር ቃል በቃል እውነት ሆኖ ይገኛል። ዶሮ ቀኑን ሙሉ ጓሮውን እየጫረች ጥሬ፣ ትልና ነፍሳት ስትለቅም ለዓይን የማይታዩ የጥገኛ ተውሳክ እንቁላሎችንም አብራ ትለቅማለች። እነሆ ካራው ወጣ፤ ልዩነቱ ይህኛው ካራ አንገቷን ትቶ አንጀቷን፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሳምንታትና በወራት የሚያርድ መሆኑ ብቻ ነው።

በአገራችን ከ50 ሚሊዮን በላይ ዶሮዎች እንደሚገኙ የስታትስቲክስ ቆጠራዎች ያመለክታሉ። ከእነዚህም የሚበዙት በትላልቅ እርባታ ድርጅቶች ሳይሆን በየገበሬው ጓሮ የሚኖሩ፣ በአብዛኛው በእናቶችና በልጆች እጅ የሚጠበቁ ናቸው። የጨውና የዘይት፣ የደብተርና የእስክሪብቶ መግዣ የሚገኘው ከእነርሱ ነው። ይሁን እንጂ ከተፈለፈሉት ጫጩቶች ብዙዎቹ ለቄብነት ሳይደርሱ ያልቃሉ። ለምን ሞቱ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቃል ነው፤ «ፈንግል»። ቃሉ ከተነገረ በኋላ ጥያቄው ይዘጋል፤ የሞተችውም ዶሮ ከአጥር ውጭ ትወረወራለች።

የሚያስገርመው ነገር ደግሞ ይህ ነው። በዚያው ቤት በዓል ሲደርስ ዶሮ ታርዳ፣ በልማዳችን መሠረት በጥንቃቄ በ12 ብልት ተከፋፍላ፣ በሎሚና በጨው ደጋግማ ታጥባ ድስት ትገባለች። በዓለም ላይ ዶሮን በእንዲህ ያለ የብልት ዕውቀት የሚበልት ኅብረተሰብ ብዙ ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ከብልቶቹ ሁሉ ስለ ሕይወቷ አብዝቶ ሊነግረን የሚችለው አንጀቷ ሳይከፈት ለውሻ ይጣላል። በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ ዋዜማ በየቤቱ የሚከናወነው ሥራ ከሳይንሳዊ የአስከሬን ምርመራ የሚለየው በአንድ እርምጃ ብቻ ነው፤ አንጀቱን ባለመክፈቱ።

የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው። የዶሮን አንጀት መክፈትና መመልከት፣ ኩሷንም በማይክሮስኮፕ መመርመር የሐኪም ብቻ ሳይሆን የተማሪ ተራ ሥራ ሊሆን ይገባል። ይህ እስካልሆነ ድረስ የምንገዛው መድኃኒትም ሆነ የምናከፋፍለው የተሻሻለ ዝርያ በግምት ላይ የቆመ ይሆናል።

ፈንግል የሚለው ስም የሚሸፍነው

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ፈንግል እውነተኛና አደገኛ በሽታ ነው። በሳይንሱ ዓለም የኒውካስል በሽታ ተብሎ የሚታወቅ፣ በቫይረስ የሚመጣ፣ የአንድን መንደር ዶሮ በጥቂት ቀናት ሊጨርስ የሚችል መቅሠፍት ነው። መከላከያ ክትባቱ በቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም ይመረታል። ዶሮ ያለው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ዶሮዎቹን ማስከተብ አለበት።

ችግሩ በሽታው ሳይሆን ስሙ ነው። «ፈንግል» የሚለው ስም የአንድ በሽታ መጠሪያ መሆኑ ቀርቶ የዶሮ ሞት ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። ሆኖም ሁለቱ ሞቶች አይመሳሰሉም። ፈንግል በአብዛኛው ታላቁንም ታናሹንም በአንድ ሰሞን ያጠቃል። የአንጀት ተውሳክ ግን እያመረጠ፣ በተለይም ጫጩቶችንና ቄቦችን ያጠቃል። ጫጩቷ ላባዋ ይንጨባረራል፤ ክንፏን ትጥላለች፤ እየበላች ትከሳለች፤ ኩሷ ይቀጥናል፤ አንዳንዴም ደም ይቀላቅላል። አዋቂዋ ዶሮ ላትሞት ትችላለች፤ እንቁላሏ ግን ይቀንሳል። ባለቤቷም «አርጅታለች» ወይም «ዝርያዋ አይረባም» ብላ ትሸጣታለች። በዚህ መንገድ የጠፋው እንቁላል በየትኛውም መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ያልተጣለን እንቁላል ማን ይቆጥረዋል?

በአንጀት ውስጥ ያሉት እነማን ናቸው?

ተውሳኮቹን በሦስት ወገን ከፍለን እንመልከታቸው።

የመጀመሪያዎቹ ባለ አንድ ሕዋስ የሆኑት አይሜሪያዎች ናቸው። የሚያስከትሉትም በሽታ ኮክሲዲዮሲስ ይባላል። የዚህን ተውሳክ ወገን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ሆላንዳዊው አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ እንደሆነ ይታመናል፤ እርሱም በ1674 እ.ኤ.አ. በጥንቸል ሐሞት ውስጥ ነበር ያየው። በዶሮ ላይ 7 የታወቁ የአይሜሪያ ዝርያዎች አሉ። እያንዳንዱ ዝርያ በአንጀቷ ውስጥ የየራሱ መቀመጫ አለው። ከሁሉ የሚከፋው አይሜሪያ ቴኔላ የሚኖረው በሁለቱ ዕውር አንጀቶች ውስጥ ነው፤ ጫጩቷ በተያዘች ከ5ኛው ቀን ገደማ ጀምሮ አንጀቶቹ በደም ይሞላሉ።

ከኩስ ጋር የሚወጣው ኦኦሲስት የተባለ እንቁላል መሰል አካል እንደወጣ አይጎዳም። ሙቀት፣ እርጥበትና አየር ካገኘ ግን በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ይበስላል፤ በውስጡም 8 ስፖሮዞይት የተባሉ ተጠቂውን ሕዋስ ሰርስረው የሚገቡ አካላትን ይይዛል። ጫጩቷ አንዱን ስትውጥ ስምንቱም ይለቀቃሉ፤ በአንጀቷ ሕዋሶች ውስጥም ደጋግመው ይራባሉ። ከጥቂት ቀናት በኋላ አንዱ በሺዎች ተባዝቶ ይወጣል። እንግዲህ ውሃ የሚንጠባጠብበት መጠጫና ያልተቀየረ ጉዝጓዝ ለዚህ ተውሳክ ምን ያህል የተመቸ ማሳ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ከዚህም በላይ የኦኦሲስቱ ቅርፊት ብዙዎቹ የተለመዱ የማጽጃ ኬሚካሎች የማይደፍሩት ነው። ጠላቶቹ ድርቀትና ኃይለኛ ሙቀት ናቸው።

ሁለተኛዎቹ ድቡልቡል ትሎች ናቸው። ዋነኛው አስካሪዲያ ጋሊ የሰው ወስፋት የሩቅ ዘመድ ነው። በቀጭን አንጀት ውስጥ ይኖራል፤ ሴቷ እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ልትረዝም ትችላለች። ቁጥሩ ሲበዛ የቄብን አንጀት እስከ መዝጋት ይደርሳል። እንቁላሉ ከኩስ ጋር ወጥቶ፣ አፈር ውስጥ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ሲበስል፣ ሌላ ዶሮ ስትለቅመው ዑደቱ እንደገና ይጀምራል። ጥላና እርጥበት ባለበት አፈር ውስጥ ለወራት ሳይሞት ይቆያል።

ከእርሱ የሚያንሰው ሔተራኪስ ጋሊናረም በዕውር አንጀት ውስጥ የሚኖር፣ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚደርስ ቀጭን ትል ነው። ዶሮን በራሱ ብዙም አይጎዳም። ሆኖም በ1920 እ.ኤ.አ. ቴዎባልድ ስሚዝና ግሬይቢል የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የዚህን ትል እንቁላል ለቱርክ ዶሮዎች በማብላት ገዳይ የጉበት በሽታ ማስከተል እንደሚቻል አሳዩ። ምክንያቱም ትሉ በእንቁላሉ ውስጥ ሂስቶሞናስ የተባለውን ሌላ ተውሳክ ደብቆ ስለሚይዝ ነው። ተውሳክ የሌላ ተውሳክ ማጓጓዣ ይሆናል ማለት ነው።

ሦስተኛዎቹ የኮሶ ትል ወገኖች ናቸው። በእኛ አገር የሰው ኮሶ መነሻው ጥሬ ሥጋ መሆኑን የማያውቅ የለም። የዶሮዋ ኮሶ ግን ሌላ መንገድ ይከተላል። ራይዬቲና የተባሉት ዝርያዎች እንቁላላቸው በጉንዳን ወይም በጢንዚዛ ከተበላ በኋላ በእነዚህ ነፍሳት ሰውነት ውስጥ ያድጋሉ፤ ዶሮዋ ጉንዳኑን ስትለቅም ትያዛለች። ዳቬኒያ የተባለውና ከ4 ሚሊ ሜትር የማይበልጠው ደግሞ በቀንድ አውጣና በዘመዶቹ በኩል ይመጣል። ስለዚህ በጓሮ ውላ የምትገባ ዶሮ ምግቧን ትታ ካልተራበች በስተቀር ከኮሶ ልታመልጥ አትችልም።

አንባቢ ሳይፈራ ሊያነብ ስለሚገባ አንድ ነጥብ እዚህ ላይ እንጨምር። የዶሮ አይሜሪያ፣ የዶሮ ወስፋትና ከላይ የተጠቀሱት የዶሮ ኮሶዎች ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎች ተብለው አይቆጠሩም። በደንብ የበሰለ ዶሮ ወጥም በእነርሱ ምክንያት ማንንም አያሳምምም።

ትል ማግኘት ገዳይን ማግኘት ነውን?

ጠንቃቃ አንባቢ እዚህ ላይ «ትል ያልተገኘባት የጓሮ ዶሮ ስለሌለች፣ በሞተች ዶሮ አንጀት ውስጥ ትል ማየት ምን ያስረዳል?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ትል መኖሩ ብቻ ገዳዩ ትሉ መሆኑን አያረጋግጥም። ሦስት ወስፋት የተገኘባት ዶሮ በፈንግል ሞታ ሊሆን ይችላል።

ለዚህም ነው መክፈት ብቻውን የማይበቃው፤ መቁጠርና ማነጻጸር ያስፈልጋል። ስንት ትል? በየትኛው የአንጀት ክፍል? የአንጀቱ ግድግዳ ወፍሯል ወይስ ደምቷል? ከተመሳሳይ ግቢ ለበዓል የታረደችው ጤነኛ ዶሮ አንጀት ምን ይመስል ነበር? የበዓሉ ዶሮ ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የሞቱትን ብቻ የሚመረምር ሰው የጤነኞቹን መልክ ስለማያውቅ ያየውን ሁሉ በሽታ ያደርገዋል። ጤነኞቹን ያየ ሰው ግን ማመሳከሪያ አለው። የሳይንስ ዘዴ የሚባለው ከዚህ የራቀ ምሥጢር የለውም፤ ከመፍረድ በፊት መቁጠር፣ ከመቁጠርም በፊት ማየት ነው።

መድኃኒቱስ?

«ዶሮዬ ታመመች» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው ይታወቃል። የቴትራሳይክሊን እንክብል ፈልቅቆ በውሃ ይበጠብጣል፤ ወይም ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ሎሚና አረቄ ያጠጣል። ቴትራሳይክሊን የባክቴሪያ መድኃኒት ነው። ወስፋትንም ኮሶንም አይነካም፤ የፈንግልንም ቫይረስ አይገድልም። ነገር ግን በጓሮው ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን ያለማምዳል። የዚህ ዕዳ የሚከፈለው ደግሞ በዶሮ ብቻ ሳይሆን ነገ በሚታመም ልጅ ነው።

ትክክለኛው መድኃኒትም ቢሆን ያለ ምርመራ ሲሰጥ ይባክናል። ፒፐራዚን አስካሪዲያን ያስወጣል፤ ለኮሶ ትል ግን አይሆንም። አምፕሮሊየም በኮክሲዲዮሲስ ላይ የሚሠራው ተውሳኩ ቫይታሚን ቢ1 እንዳያገኝ በማድረግ ነው። ስለሆነም «ይበርታባት» በሚል ቅን ሐሳብ ቢ1 የበዛበት ቫይታሚን አብሮ የሚሰጥ ሰው በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላ እጁ ይወስዳል። በመኖ ውስጥ የሚጨመረውና ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጥቅም ላይ የዋለው ሞነንሲንም ለዶሮ መከላከያ ቢሆንም ለፈረስና ለአህያ ገዳይ መርዝ ነው። አህያና ዶሮ በአንድ ግቢ በሚያድሩበት አገር ይህን አለማወቅ የዋዛ ነገር አይደለም። ከዚህ በተጨማሪ ብዙዎቹ መድኃኒቶች ከተሰጡ በኋላ እንቁላሉና ሥጋው ለተወሰኑ ቀናት መበላት እንደሌለበት በማሸጊያው ላይ ተጽፏል። ማሸጊያውን የሚያነብ ሰው በቤቱ ከሌለ ግን ጽሑፉ መኖሩ ምን ይጠቅማል?

ከሁሉም በላይ መድኃኒት አንጀቱን እንጂ ጓሮውን አያክምም። ዛሬ ትሏ የወጣላት ዶሮ ነገ ወደዚያው አፈር ትመለሳለች። ጉዝጓዙ ካልተቀየረ፣ መጠጫው ከመሬት ከፍ ካላለ፣ ጫጩቶቹ ከአዋቂዎቹ ካልተለዩ መድኃኒቱ የጥቂት ሳምንታት ዕረፍት ብቻ ነው።

«የአገር ዶሮ አይበገርም»

ሌላው የሚሰማው ክርክር «የአገር ዶሮ ከጥንት ጀምሮ ከተውሳክ ጋር ስትኖር ኖራለች፤ ምን ያሳስባል?» የሚል ነው። እውነት አለው። በተፈጥሮ ምርጫ ያለፉ ዶሮዎች ናቸው። ነገር ግን ክርክሩ የሚያየው የተረፉትን ብቻ ነው። በሁለተኛና በሦስተኛ ሳምንታቸው የሞቱት ጫጩቶች ቆመው አይመሰክሩም። መቻል አንድ ነገር ነው፤ ሳይከፍሉ መኖር ግን ሌላ ነው። ዶሮዋ ትላትሏን ተሸክማ የምትኖረው እንቁላል ሊሆን የሚገባውን መኖ እየገበረች ነው።

ይህ ክርክር ደግሞ ዛሬ ያለንበትን ሁኔታ የማይመለከት እየሆነ ነው። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ፣ ከዚያም በፊት ባሉት ዓመታት፣ እንደ ሳሶ፣ ቦቫንስ ብራውንና ኮኮክ ያሉ የተሻሻሉ ዝርያዎች ወደየቤቱ በብዛት እየገቡ ነው። ዓላማው የሚደገፍ ነው። ሆኖም አስቡት። ለአንድ ወር ተኩል ያህል በንጹሕ ቤት፣ ብዙ ጊዜም ኮክሲዲዮሲስን በሚከላከል መኖ ያደገች ጫጩት በድንገት ወደ ጓሮ ትለቀቃለች። በኮክሲዲዮሲስ ላይ የሚገነባ የሰውነት መከላከያ የሚገኘው ተውሳኩን በጥቂት በጥቂቱ በመቅመስ ነው። ያውም አንዱን የአይሜሪያ ዝርያ የለመደች ዶሮ ሌላውን አትቋቋምም። በንጽሕና ያደገችዋ ቄብ ሳትለማመድ በአንድ ቀን ሙሉውን ማዕድ ትቀምሳለች። ከዚያም ትታመማለች፤ ባለቤቷም «የፈረንጅ ዶሮ አይሆነንም» ብላ ትደመድማለች። በዝርያው ላይ የተፈረደው ፍርድ በእውነቱ በጉዝጓዙ ላይ ሊፈረድ የሚገባው ነበር።

የተማሪው ድርሻ

እንግዲህ ምን ይደረግ? የእንስሳት ሐኪም በየቀበሌው እስኪደርስ መጠበቅ አንድ መልስ ነው፤ ሩቅ መልስ ግን ነው። ቅርቡ መልስ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አለ። በብዙ ትምህርት ቤቶች ቢያንስ አንድ ማይክሮስኮፕ ይገኛል፤ አብዛኛውን ዘመኑን ግን የሚያሳልፈው በቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ነው። የወስፋትን የሕይወት ዑደት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥለን እንሸመድዳለን፤ እንቁላሉን ግን በዓይናችን ሳናየው እንመረቃለን።

የሚያስፈልገው ውድ አይደለም። በውሃ ውስጥ ጨው መሟሟት እስኪያቆም ድረስ ይጨመራል። ትንሽ ትኩስ ኩስ በዚህ ውሃ ተበጥብጦ በሻይ ማጥለያ ይጠለላል፤ ጠባብ ብልቃጥ ውስጥ እስከ አፉ ይሞላል፤ በላዩም ስስ መሸፈኛ መስታወት ይደረጋል። የብዙዎቹ ተውሳኮች እንቁላሎች ከጨው ውሃው ስለሚቀልሉ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ተንሳፍፈው ከመስታወቱ ላይ ይለጠፋሉ። መስታወቱን በማይክሮስኮፕ ሥር ማድረግ ብቻ ይቀራል። የአስካሪዲያ እንቁላል ርዝመት 80 ማይክሮሜትር ያህል ስለሆነ 100 ጊዜ በሚያጎላ መነጽር ይታያል፤ ለኦኦሲስት 400 ጊዜ የሚያጎላው ይሻላል። ለበዓል የታረደች ዶሮ አንጀት ደግሞ በመቀስ ርዝመቱን ተቀድዶ ውሃ ባለበት ጎድጓዳ ሳሕን ውስጥ ሲዘረጋ ትሎቹ ያለ ማይክሮስኮፕም ይቆጠራሉ።

ጥንቃቄው ግን አይዘንጋ። ትሎቹ ወደ ሰው ባይተላለፉም በዶሮ አንጀት ውስጥ ሰውን የሚያሳምሙ እንደ ሳልሞኔላ ያሉ ባክቴሪያዎች አሉ። ስለዚህ ሥራው ከማድ ቤት ውጭ፣ በጓንት ይሠራ፤ እጅም በሳሙና ይታጠብ። ብዙ ዶሮዎች በአንድ ሰሞን ከሞቱ ደግሞ መክፈት የተማሪ ሥራ አይደለም፤ ሳይነኩ ለእንስሳት ሐኪም ማሳወቅ ይገባል። ሥራው ሲያልቅ አንጀቱ ይቀበር ወይም ይቃጠል። ለውሻ ወይም ለጓሮ የተጣለ አንጀት ለሚቀጥለው ዓመት ጫጩቶች የተዘራ ዘር ነው።

ዩኒቨርሲቲዎችስ? በቢሾፍቱ የሚገኘውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ጨምሮ በዘርፉ የሚያስተምሩ ተቋማት በዶሮ ተውሳክ ላይ በርካታ የመመረቂያ ጥናቶች አሠርተዋል። ጥናቶቹ ግን በእንግሊዝኛ ተጽፈው በመደርደሪያ ላይ ይቀራሉ። ከእያንዳንዱ ጥናት አንድ ገጽ በአማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ ተዘጋጅቶ ጥናቱ ለተካሄደበት ወረዳ ቢመለስ፣ ኩሱን ለሰጠችው እናት ውለታ መመለስ ይሆናል። የአካባቢው ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብም በየበዓሉ የሚቆጥረውን እየመዘገበ ለዩኒቨርሲቲው ቢልክ፣ ዛሬ በጥቂት ናሙና የምንገምተውን ነገ ከዓመት ዓመት ማወዳደር እንችላለን።

ዕውቀቱ ወደ ቤት ሲገባም የሚጠይቀው ብዙ ወጪ አይደለም። ጉዝጓዝን ደረቅ ማድረግ፣ እርጥቡን ወዲያው ማውጣት፣ መጠጫውንና መመገቢያውን ዶሮዋ እንዳትኮስበት ከፍ ማድረግ፣ ጫጩቶችን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከአዋቂዎቹ ለይቶ ማኖሪያቸውን ከቦታ ቦታ ማዘዋወር፣ ኩሱንም ከቆጡ ሥር በየጊዜው ጠርጎ ከዶሮዎቹ ርቆ ማከማቸት ይበቃል። እነዚህ ከአንድ ብልቃጥ መድኃኒት ይረክሳሉ፤ ውጤታቸው ግን ይቆያል። ሆኖም አንዲት እናት እነዚህን የምታደርገው ልጇ «ተብሏል» ብሎ ስለነገራት ሳይሆን በሳሕኑ ውስጥ የተንቀሳቀሰውን ነጭ ትል በዓይኗ ስላየች ነው። በዓይን ያዩትን ለመካድ ከባድ ነው።

ዶሮ መጫሯን አትተውም፤ ተፈጥሮዋ ነው። የምትጭረው አፈር ምን እንደያዘ ማወቅ ግን የእኛ ፈንታ ነው። በሚቀጥለው በዓል 12ቱ ብልቶች ድስት ሲገቡ፣ 13ኛውን ከውሻው አስቀድሞ የሚመለከት አንድ ተማሪ በየቤቱ ይኑር።